ኒው ዮርክ፤ መንገዱ ቀለለ፣ አልጋው ከበደ

ከአገር ቤት ዲሲ የመጣ እንግዳ "ኒው ዮርክን ሳታይማ አትመለስም" መባሉ አይቀርም። ከዚያ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይቋጠርና ንጋት ላይ አውቶቡስ ይያዛል። መንገዱ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት አምስት ሰዓት ነው። ማታውኑ መመለስ ነው። "አንድ ቀን ብታድሩስ?" የሚል ሰው ካለ የአልጋውን ዋጋ ያልሰማ ነው።

የደርሶ መልሱ ልማድ ግን ዝም ብሎ አልመጣም። ያለፉትን 30 ዓመታት (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥራ) መለስ ብሎ ላየ፣ ከተማዋ በትራንስፖርት በኩል ለድሃ እንግዳ እጇን ስትዘረጋ፣ በመኝታ በኩል በሯን ገርበብ እያደረገች ሄዳለች።

የምድር ውስጥ ባቡሩ ከ1904 እስከ 1948 ድረስ 5 ሳንቲም ነበር። በ2003 2 ዶላር ደረሰ፣ በ2026 መጀመሪያ 3 ዶላር ገባ። ተወደደ አይደል? ነገር ግን በ1997 ከአውቶቡስ ወደ ባቡር መቀየር በአንድ ክፍያ ሆነ፤ በዓመቱ ያለገደብ የሚያሳፍር ካርድ ወጣ። ዛሬ ደግሞ የባንክ ካርድ ወይም ስልክ መግቢያው ላይ ነካ ማድረግ ብቻ ነው፤ በሰባት ቀን ውስጥ 12 ጊዜ የከፈለ ሰው ከዚያ በኋላ በነጻ ይሳፈራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሞኛል። ጠዋት በካርዱ፣ ከሰዓት በስልኩ ይነካል። ሒሳቡ የሚወጣው ከአንድ ባንክ ቢሆንም ማሽኑ እንደ ሁለት ሰው ይቆጥረዋል፤ እኔም 12 ስጠብቅ ሳምንቱ አለቀብኝ።

የአንድ ቁራጭ ፒዛ ዋጋ ከባቡር ታሪፉ ጋር እኩል ይራመዳል የሚል የከተማው አባባልም አለ፣ ከ1980 ጀምሮ የሚነገር። የአንድ ዶላር ፒዛ ለዓመታት ይህን ሲያስተባብል ኖሮ፣ ከወረርሽኙ ወዲህ በብዙ ቦታ ወደ 1 ዶላር ከ50 ተሻግሯል።

አልጋው ነው ጉዱ። በ2010 የወጣ ሕግ፣ ቋሚ ነዋሪው አብሮ ካልኖረ በቀር አፓርታማን ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ማከራየትን ከለከለና ብዙ ርካሽ የጋራ ማደሪያዎች ተዘጉ። ሰው የግለሰብ ቤት በኢንተርኔት ወደሚያከራየው ኤርቢኤንቢ ዞረ። ያም በመስከረም 2023 ጥብቅ ምዝገባ መጣበት፦ አከራዩ ቤት ውስጥ ይኑር፣ እንግዳ ከሁለት አይብለጥ። የቤት ኪራይ ያንገሸገሸው ነዋሪ የጮኸበት ነገር ስለሆነ አልፈርድም፤ ሆቴሎቹ ግን ከንፈር የመጠጡ አይመስለኝም። አሁን ብልሁ እንግዳ የሃድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ጀርሲ ሲቲ ያድራል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል።

ሙዚየሙም ፊቱን ማዞሩ አልቀረም። ሜትሮፖሊታን ለአሥርተ ዓመታት "የቻልከውን ክፈል" ሲል ቆይቶ፣ በ2018 ከሌላ ግዛት የመጣውን 25 ዶላር ማስከፈል ጀመረ፤ በ2022 30 አደረሰው። የኒው ዮርክ ነዋሪ ግን ዛሬም የቻለውን ይከፍላል።

የስታተን አይላንድ ጀልባ ብቻ በተቃራኒው ሄደ። 50 ሳንቲም ደርሶ የነበረው በ1997 ነጻ ሆነ። ከማንሃተን ሲነሱ በቀኝ በኩል መቆም ነው፤ የነጻነት ሐውልት በዚያ ወገን ያልፋል። 25 ደቂቃ ተጉዞ ማዶ ሲደርስ ሁሉም ይወርዳል፤ አዳራሹን ዞሮ እንደገና ይሰለፋል።

ከደሴ የመጡት አክስቴ ቦርሳቸውን ከፍተው የትኬት መስኮት ሲፈልጉ ሰዉ እየገፋ አስገባን። ብርቱካናማዋ ጀልባ ስትንቀሳቀስ ዳቦ ቆሏቸውን አውጥተው አጠገባችን ለቆመ ቱሪስት ዘገኑለት። ሐውልቷ ካለፈች በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፦

"አንተ ልጅ፣ ማነው የከፈለልን?"