ተገዛ የተባለው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2014 ፌስቡክ ዋትስአፕን ለመግዛት ያቀረበው ዋጋ 19 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ዋትስአፕ ያኔ 55 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ ማስታወቂያ አያስተናግድም፣ ገቢውም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሰው ቢጠራጠር ምን ይገርማል?

ግዢውን የመረመረው የአውሮፓ ኮሚሽን የሁለቱን ድርጅቶች ተጠቃሚዎች ዳታ ማገናኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ፌስቡክ በአስተማማኝ መንገድ በራስ-ሰር ማገናኘት እንደማይችል መለሰ። በ2016 የወጣው የዋትስአፕ ደንብ ግን የተጠቃሚውን ስልክ ቁጥር ከፌስቡክ አካውንቱ ጋር ለማገናኘት በር ከፈተ። ኮሚሽኑ በ2017 ፌስቡክን 110 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ ማገናኘቱ በ2014ም ይቻል እንደነበር፣ የፌስቡክ ሠራተኞችም ይህን ያውቁ እንደነበር አረጋግጧል። ግዢው ግን አልተነካም። ለ19 ቢሊዮን ዶላር ግዢ ይህ ቅጣት የኪስ ገንዘብ ነው።

ዳታው ለምን ይህን ያህል ይፈለጋል? አውራ ጣትዎ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቆየ እንበል። ላይክ አላደረጉም፣ አስተያየትም አልጻፉም፤ ቆይታዎ ግን ተመዝግቧል። አልጎሪዝሙ እርስዎንም ቪዲዮውንም በቁጥሮች ሰልፍ ይወክላል፤ በቆዩ ቁጥር ሁለቱን ሰልፎች ያቀራርባል፣ ዘለው ሲያልፉ ያራርቃል። ቀጥሎ የሚያቀርብልዎ ለእርስዎ ሰልፍ የቀረበውን ነው። ከሌላ መተግበሪያ የመጣ ዳታ ሲታከልበት፣ እዚህ ያላሳዩትን ፍላጎትዎን ከዚያ ይገምታል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲመጣ ደግሞ የጻፍነው ሁሉ የሥልጠና ግብዓት ሆነ። በመጋቢት 2025 የኢሎን መስክ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት ኤክስኤአይ የዚያኑ ሰውዬ ማኅበራዊ ሚዲያ ኤክስን በአክሲዮን ልውውጥ ገዛ፤ ሻጭም ገዢም አንድ ሰው መሆኑ ነው! ግሮክ የተባለው የኤክስኤአይ ሞዴል ግን ከዚያ በፊትም በኤክስ ተጠቃሚዎች ጽሑፍ ይሠለጥን ነበር። ጽሑፍዎን ዛሬ ቢያጠፉት እንኳ ሞዴሉ ከእሱ የተማረው አብሮ አይጠፋም፤ በቢሊዮኖች በሚቆጠሩ ቁጥሮች መካከል ተበትኗልና ለይቶ ማውጣቱ ተመራማሪዎችን እስካሁን ያስቸግራል።

የአየርላንድ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽን በ2024 ኤክስን ፍርድ ቤት አቆመው። ድርጅቱም ከሜይ 7 እስከ ኦገስት 1 የሰበሰበውን የአውሮፓ ተጠቃሚዎች ዳታ ለግሮክ ሥልጠና ላለመጠቀም ተስማማ። በእነዚያ ወራት ከስቶክሆልም በአማርኛ የጻፈ ሰው በዚህ ስምምነት ይጠበቃል፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ የመለሰለት ወንድሙ ግን አይጠበቅም።