ስሙን ካልጠራሽ አይሰጥሽም

(ምስል፦ የኦስካር ሥነ ሥርዓት፣ ጥቁርና ነጭ)

ተራኪ፦ ተዋናይቷ ፓትሪሺያ ኒል «ሃድ» በተሰኘው ፊልም ኦስካር ካገኘች ዓመት እንኳ አልሞላም። በፈረንጆቹ 1965፣ በየካቲት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስትሮክ መታት። የአንጎሏ ደም ሥር ፈንድቶ ነበር። ዕድሜዋ 39፤ ነፍሰ ጡርም ነበረች።

ሦስት ሳምንት ያህል ራሷን ሳታውቅ ቆየች። ስትነቃ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ሲጋራ ሲያምራት «ኦብሎጎን» ትላለች። የፈለገችውን አሳምራ ታውቀዋለች፤ የጠፋባት ስሙ ነው። በዚያው ዓመት ግን ጤናማ ሴት ልጅ ተገላገለች።

(ምስል፦ ግሬት ሚሰንደን፣ እንግሊዝ)

ባሏ ደራሲው ሮአልድ ዳል ወደ መንደራቸው ወሰዳት። ጎረቤት ሰብስቦ ተራ አወጣ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል። ማንበብ፣ መጻፍ፣ መቁጠር፣ እንደገና ማንበብ። አንድ ዕቃ ብትፈልግ መጠቆም ዋጋ የለውም፤ ስሙን ካልጠራች ዳል አይሰጣትም።

ይህን የሚሰማ ሰው ቢሰቀጥጠው አይፈረድበትም። እሷም በግለ ታሪኳ ጭካኔውንና ውለታውን አንድ ላይ ጽፋዋለች። ልምምዱ ከንቱ አልነበረም፤ አንድን ተግባር ደጋግሞ መሥራት ያልተጎዳው የአንጎል ክፍል ሥራውን እንዲረከብ ይረዳል። ነገር ግን ከስትሮክ በኋላ የሚመጣው ድካም ስንፍና አይደለም፤ ድባቴውም ቁጣ ሳይሆን ሕክምና ይፈልጋል።

እስካሁን ካሜራው ዳልን ነው የተከተለው። ዞር ይበል፤ ከጎረቤቶቹ መካከል ቫለሪ ኢተን ግሪፊዝ አለች። የሕክምና ሥልጠና የላትም። ወሬ፣ የቃላት ጨዋታ፣ እንቆቅልሽ፣ ቀልድ ታቀርባለች፤ ፓትሪሺያ በምትወደው በኩል ትገባለች።

(ምስል፦ ኒው ዮርክ፣ 1967)

ኒል በአንጎል ጉዳት ለሚሠቃዩ ሕፃናት ገቢ ለማሰባሰብ በተዘጋጀ የእራት ግብዣ ላይ ንግግር አደረገች። ንግግሩን ያስጠናቻት ግሪፊዝ ነበረች። በ1968 ወደ ፊልም ተመለሰች፤ በዚያ ሥራዋም ለኦስካር ታጨች።

ግሪፊዝ ዘዴዋን በመጽሐፍ አሳተመች። በ1973 ደግሞ በእንግሊዝ የበጎ ፈቃደኞች አገልግሎት ጀመረች፤ ተራ ሰዎች ቋንቋ ወደጠፋበት ሕመምተኛ ቤት ይሄዳሉ፣ ከሕመሙ በፊት ምን ይወድ እንደነበር ያጣራሉ፣ ሥራውንም ከዚያ ይጀምራሉ።