የካፋን ጫካ የሚያካልለው ማነው?

ከጅማ ተነስቶ የጎጀብን ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ ወደ ቦንጋ ሲቃረብ በመስኮት የሚያየው ጫካ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ወረቀት ላይ ግን ይኸው ጫካ የተሸነሸነ ነው። አንዱ ክፍል ምሳር የማይገባበት ነው። ቀጥሎ ያለው ቡና የሚለቀምበት፣ ቀፎ የሚሰቀልበት፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚሰበሰብበት ነው። ከዚያ ወዲህ እንሰትና በቆሎ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ አለ። በመካከላቸው አጥር የለም። ድንበሩን የሚናገረው ብዙውን ጊዜ አንድ ጅረት፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ወይም የሰፈሩ ሽማግሌ ነው።

ይህ አከፋፈል የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው። ዩኔስኮ ካፋንና የኢሉ አባቦሩን ያዩን በአንድነት የመዘገባቸው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሁለቱ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሸካ በ2004፣ ጣና ሐይቅ በ2007፣ ማጃንግ በ2009 ዓ.ም. ተከትለዋል። የካፋው ስፋት ከ5 መቶ ሺህ ሄክታር ይበልጣል፤ ውስጡ ደግሞ ማንም ሳይተክለው የበቀለ የአረቢካ ቡና አለ።

ባዮስፌር ከብሔራዊ ፓርክ ጋር መምታታት የለበትም። ፓርክ ሰውንና አውሬን መለየት ይቀናዋል። ባዮስፌር ግን ሰው ከነማሳው፣ ከነከብቱ፣ ከነከተማው ውስጡ እንዲኖር ታስቦ የተቀረጸ ነው። ለዚህም ሲባል መሬቱ በሦስት ይከፈላል። ባለሙያዎቹ ኮር ዞን የሚሉት እምብርቱ ለጥበቃና ለምርምር ብቻ ይተዋል። በጌዋታ ወረዳ ያለው ቦጊንዳና በዴቻ ወረዳ ያለው ማንኪራ በካፋ ስማቸው ከሚነሳ እምብርቶች መካከል ናቸው። እምብርቱን የሚከበው በፈር ዞን ጫካውን ሳያጠፉ የሚጠቀሙበት ነው። ከዚያ ውጪ ያለው የሽግግር ዞን ሰው በተለመደው መንገድ የሚኖርበት፣ የሚያርስበትና የሚነግድበት ነው። ቦንጋ ከተማም እዚሁ ውስጥ ትገኛለች።

ጥያቄው ይህን መስመር የሚያስከብረው ማነው የሚለው ነው። ዩኔስኮ ፖሊስ የለውም። ከፓሪስ የሚመጣው ስምና የምስክር ወረቀት ነው፤ በየ10 ዓመቱም የግምገማ ሪፖርት ይጠይቃል። ምሳር ያነሳን ሰው ማስቆም የሚችለው የአገሩ ሕግና ሕጉን የሚያስፈጽመው ወረዳ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 456/1997 ሲመራ ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ዝርዝሩን ክልሎች ያወጣሉ፤ ሥራው ግን የሚያልቀው ከታች ነው። ለገበሬው የይዞታ ደብተር የሚሰጠው የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ወሰኑን ከጎረቤት ጋር አስማምቶ የሚያስመዘግበው ከነዋሪው መካከል የተመረጠ የቀበሌ መሬት ኮሚቴ ነው። ጫካው ደግሞ በሌላ ቢሮ ይጠበቃል፤ ከተማው በሦስተኛ ቢሮ ይሸነሸናል። አንድ ኮረብታ በአንዱ መዝገብ ደን፣ በሌላው የእርሻ ይዞታ ሆኖ ቢገኝ ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያስተያይ ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ብዙ ጊዜ የወረዳ ባለሙያ ነው፤ ደመወዙም መኪናውም ከኃላፊነቱ ጋር አይመጣጠኑም።

ለካፋ ሰው መሬቱን ሌላ ሰው ሲያካልለው ማየት አዲስ ነገር አይደለም። መንግሥቱ በራሱ እጅ ሳለ ንጉሡ ታቶ በሰባት አማካሪዎች ሸንጎ፣ በሚክሬቾ፣ ታግዞ ያስተዳድር ነበር፤ የአገሩም ድንበር በጥልቅ ቦይና በበሮች ይጠበቅ ነበር። በ1889 ዓ.ም. የዘመተው የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የመጨረሻውን ታቶ፣ ጋኪ ሸሮቾን፣ ከያዘ በኋላ ብዙው መሬት ከዘመቻው ጋር በመጡ ሹማምንትና ወታደሮች እጅ ወደቀ፤ ገበሬው ገባር ሆነ። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ አደረገው። ብዙም ሳይቆይ ደርግ የቦንጋን ደን በአገር አቀፍ ደረጃ ቅድሚያ ከተሰጣቸው ደኖች ተርታ አስገባው። በዚያው ዘመን ግን ድርቅ ከመታው ሰሜን ሰው እየተጫነ ወደ ካፋ ክፍለ ሀገር ሰፈረ። በ1990ዎቹም ሌላ የሠፈራ ዙር ዴቻ ደረሰ። የሚጠበቀው ደንና የሚመነጠረው የሠፈራ መሬት በአንድ መንግሥት እጅ፣ በሁለት ዕቅድ ተሠሩ። በየጊዜው ካርታው ከላይ መጥቷል፤ ከጫካው ጋር የኖረው ሰው ግን ጠዋት ተነስቶ የሚሄደው እዚያው ቀፎው ዘንድ ነው።

ይህን ልማድ ያሻሻለው በ1988 ዓ.ም. አካባቢ ፋርም አፍሪካና ኤስኦኤስ ሳህል የተባሉ ድርጅቶች በቦንጋና በሸዋው ጭልሞ የጀመሩት አሳታፊ የደን አስተዳደር ነው። ሐሳቡ ለመናገር ቀላል ነው፤ ጫካውን የሚጠቀመው ሰው ራሱ ይጠብቀው፣ በምትኩም የመጠቀም መብቱ በጽሑፍ ይረጋገጥለት። በተግባር ግን ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ መለየት አለበት። በካፋ ይህ ራሱ ፈተና ነበር። ከእርሻ መሬትና ከማኅበራዊ ሕይወት ለረጅም ዘመን ተገልለው የኖሩት የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት ኑሯቸው በአብዛኛው ከጫካው በሚወጣ ማገዶና ከሰል ላይ የተመሠረተ ነበር። እነሱን ያልጨመረ ማኅበር የሚጠብቀውን ጫካ ዋነኛ ተጠቃሚ ከደጅ ያስቀረ ማኅበር ይሆናል። ስብሰባ ላይ አብሮ መቀመጥ ደግሞ በዚያ አካባቢ በፊርማ የሚያልቅ ጉዳይ አልነበረም።

ቀጥሎ ወሰን የማካለሉ ቀን ይመጣል። የደን ባለሙያው ጂፒኤስ ይዞ፣ ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ይዘው፣ የአጎራባች ቀበሌ ሰዎችም ተጠርተው ጫካውን በእግር ይዞሩታል። ከምንጩ እስከ ሸንተረሩ፣ ከሸንተረሩ እስከ አሮጌው የከብት መንገድ ይኬዳል። በየቦታው ይቆማሉ፤ «የለም፣ ወሰኑ ከዚያኛው ዛፍ ነው» የሚል አይጠፋም። ተስማምተው ሲያበቁ ግንዱ ላይ ቀለም ይቀባል፣ ነጥቡ ይመዘገባል። የጎረቤት ቀበሌ ሰው ያልተገኘበት ቀለም ዕድሜው አጭር ነው፤ በዓመቱ ሌላ ክርክር ይጠራል። ከዚያ የዛፉ ዓይነትና ብዛት ይቆጠራል፣ የአያያዝ ዕቅድ ይወጣል፣ ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንቡን ያጸድቃል፤ በመጨረሻም ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማል። ለቤት መሥሪያ ስንት ዛፍ፣ በማን ፈቃድ፣ የጣሰ ሰው ምን ይቀጣል የሚለው ሁሉ ውስጡ ተጽፎ ይገኛል። በጊምቦ ወረዳ የአጋማ ደን ከቀደሙት መካከል ነው። የ2010ሩ የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንንና የማኅበር ደንን ከግልና ከመንግሥት ደን እኩል ለየብቻ ሲያውቃቸው፣ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ለዓመታት ሲሠሩት የቆዩትን ነገር ከኋላቸው ሕግ ተከተለው።

የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ናቡ የባዮስፌሩን ምዝገባ ሲደግፍ ከባዶ አልጀመረም ማለት ነው። በፈር ዞን ተብሎ በካርታ የተሰመረው በከፊል እነዚህ ማኅበራት አስቀድመው በእግራቸው የዞሩት መሬት ነው። በኋላም ከየአካባቢው ነዋሪ ሬንጀሮች ተቀጥረው እየዞሩ የሚያዩትን ይመዘግቡ ጀመር። የሚያስሩ ዘቦች አይደሉም። ሥራቸው ማየት፣ ማስረዳትና ለወረዳው ማሳወቅ ነው።

የሁሉም ራስ ምታት ግን በፈር ዞኑ ነው። እምብርቱ ክልክል ነው፤ ክልክል ነገር ቢያንስ ግልጽ ነው። በፈር ዞን ግን ቡና መልቀም ይፈቀዳል። የጫካ ቡና ምርቱ ትንሽ ነው፤ ጥላው ጥቅጥቅ ስለሚል የቡናው ዛፍ ወደ ላይ ይሳባል፣ ፍሬው ይሳሳል። ስለዚህ ገበሬው ቁጥቋጦውን ይመነጥራል። ጥላው ከጠነከረበት ጥግ ሁለት ሦስት ወጣት ዛፎችን ይጥላል። በሚቀጥለው ዓመት ከጫካው ውስጥ የበቀሉ የቡና ችግኞችን ነቅሎ ክፍት ቦታው ላይ ይተክላል። ሰሳውና ዋንዛው ጥላ ስለሚሆኑ ይቆያሉ፤ ጌተሙም ማሩ ስለሚጥም ይተርፋል። ከሥር ግን ነገ ትልልቆቹን የሚተካ ችግኝ የለም፣ በየዓመቱ ከቁጥቋጦው ጋር ታጭዷል። ከሰማይ የሚነሳ ፎቶ ይህን ቦታ ዛሬም ጫካ ይለዋል፤ አናቱ አረንጓዴ ነውና። ካርታውም አልተጣሰም። ጫካው ግን ወደ ቡና አትክልት እየተለወጠ ነው፤ የቡና ዋጋ ሲወደድም ፍጥነቱ ይጨምራል። ገበሬውን መውቀስ ይከብዳል፤ የጫካ ቡናን ከአትክልት ቡና በደንብ በተሻለ ዋጋ የሚገዛው ካላገኘ ጥላውን የሚያቆየው በምን ሂሳብ ነው? የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የተመሠረተውም ይህን የዋጋ ልዩነት ለማግኘት ነው።

ከቦንጋ በሚዛን መንገድ ወጣ ሲባል ውሽውሽ ይደረሳል፤ እዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ዕይታ ይታያል። ኮረብታውን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው ሻይ፣ ሻዩን ለማድረቅ የተተከለው ባሕር ዛፍ፣ ከጎኑ የቀረው የተፈጥሮ ደን፣ ዝቅ ብሎም የአለምጎኖ ረግረግ። ሻዩ በመንግሥት እርሻነት ተጀምሮ በ1990ዎቹ ወደ ግል ተዛውሯል። እንዲህ ያለ ትልቅ እርሻ የት ይውደቅ የሚለው ውሳኔ ከቀበሌ ኮሚቴ በላይ ነው፤ ፌዴራሉ ወይም ክልሉ ይወስናል፣ ወረዳው ቦታውን እንዲያሳይ ይጠየቃል። በአጎራባቹ ሸካ ዞን ለሻይና ለቡና ባለሀብቶች የተሰጠ የደን መሬት ክርክር ያስነሳው በዚሁ መንገድ ነበር። ረግረግ ደግሞ ብዙ ተከራካሪ የለውም። ሣር አጭዶ ቤቱን የሚከድንበትና በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት ሰው የይዞታ ደብተር ስለሌለው፣ «ባዶ መሬት» ተብሎ ለመመዝገብ ረግረግን የሚቀድመው የለም። የአለምጎኖ ረግረግ በባዮስፌሩ ውስጥ መካተቱ ቢያንስ ስሙን ከዚያ ዝርዝር አውጥቶታል።

አሁን ከሁሉ ቶሎ የሚንቀሳቀሰው የከተማው መስመር ነው። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 14 ተመሠረተ። የክልሉ ተቋማት በቦንጋ፣ በታርጫ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ ተከፋፈሉ፤ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫነቱ ለቦንጋ ደረሰ። ቀድሞ የዞን ከተማ የነበረችው፣ ዩኒቨርሲቲና ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ያረፉባት ቦንጋ ድንገት ቢሮ ፈላጊ፣ ቤት ፈላጊ፣ የሊዝ መሬት ፈላጊ በዛባት። ከተማዋ የተቀመጠችው ተዳፋት ላይ ነው፤ ሜዳ እንደልብ አታገኝም። መስፋት ማለት ወይ ወደ ገበሬ ማሳ፣ ወይ ወደ ደን ጠርዝ መሄድ ነው።

ሕጉ መንገዱን አስቀምጧል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተማ ሁሉ መዋቅራዊ ፕላን እንዲኖረው፣ ረቂቁም ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። ማሳው ለከተማ የሚፈለግበት ገበሬ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሊመክርበት ይገባል፤ መሬቱን ለዘለቄታው ለቅቆ ምትክ መሬት ካላገኘም የመፈናቀያ ካሣው ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢው በ15 ተባዝቶ ይሰላል። ይህ ስሌት ለጤፍና ለበቆሎ ይመቻል። ጓሮው ቡና፣ እንሰት፣ ማር፣ ኮረሪማና ጥላ ዛፍ ተደባልቆ ለበቀለበት የካፋ ገበሬ ግን ገቢውን በየዓይነቱ ለይቶ መቁጠር ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እንሰት ለገበያ ሳይሆን ለቆጮ የሚተከል፣ ለዓመታት ቆይቶ የሚደርስ ነው፤ ዓመታዊ ገቢው ስንት ነው ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ ምን ብሎ ይመልሳል?

በዚህ መሃል አራተኛ ካርታ አንሺ ከብራስልስ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው ደንብ ቡና፣ ካካዎና ሌሎችም ምርቶች ወደ ገበያው እንዲገቡ፣ የተመረቱበት መሬት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ያልተመነጠረበት መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድም ሁለት ጊዜ ቢገፋም፣ ላኪዎችና ዩኒየኖች የገበሬውን ማሳ በጂፒኤስ መመዝገብ ይዘዋል። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው ሙሉ በሙሉ መሳል አለበት። ከዚያ በታች ለሆነው አንዲት ነጥብ ትበቃለች። የካፋ አነስተኛ ገበሬ ማሳ በአብዛኛው ከ4 ሄክታር ያነሰ ስለሆነ የሚመዘገብለት ነጥብ ይሆናል፤ ነጥቧ ደግሞ ቡናው የት አልቆ ጫካው የት እንደሚጀምር አትናገርም።