በደረት የሚሳበው ወታደር ለምን ይታያል?

«ጋሼ፣ በደረት ከተሳቡ ኮምፒውተሩ ጨርሶ አያያቸውም። በሳይንስ የተረጋገጠ ነው» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ። ስለ አንድ የኮምፒውተር የጦርነት ጌም የሚያወራው ቪዲዮ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የሚያደነቁር ሙዚቃ፣ ቀይ ቀስት፣ በሆዳቸው የሚሳቡ ወታደሮች፣ ከዚያ «ማንም ያልነገራችሁ ምስጢር» የሚል ጽሑፍ። ጓደኞቹ ደግሞ ተቃራኒውን ይምላሉ፦ ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል፣ ሁሉን ያያል፣ ብትሳብም ብትሮጥም ለውጥ የለውም።

ይሄኛው የተሸናፊ ወሬ ነው፤ ልለፈው። የፊተኛው ግን ሳይንስን ምስክር አድርጎ ስለቆመ አላስቻለኝም። ፕሮባብሊቲ ሳስተምር የሸበትኩ ሰው ነኝ፤ እርሻዬ ውስጥ የገባ ከብት ዝም ብዬ አላይም።

ጌሙ አሮጌ ነው። «ክሎዝ ኮምባት» ከሚባለው ተከታታይ ሁለተኛው፣ አቶሚክ ጌምስ ሠርቶት ማይክሮሶፍት በ1997 ያወጣው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ጦርነቱ ሴፕቴምበር 1944 ሆላንድ ውስጥ የተካሄደው ነው። ሜዳውን እንደ አሞራ ከላይ ማየት፣ ቡድን መምረጥ፣ ማዘዝ፤ በቃ። ወታደሮቹ ይደክማቸዋል፣ ይደነግጣሉ፣ ሲብስባቸውም ትእዛዝ አይሰሙም። ለእግረኛው ሦስት የመንቀሳቀሻ ትእዛዝ አለ፦ ሂድ፣ ሩጥ እና «ስኒክ»።

ይህችን «ስኒክ» በአማርኛ ምን እንበላት? «መሹለክ» የሚሉ አሉ፤ መሹለክ ግን በቀዳዳ ማለፍ ነው፣ አይጥ በአጥር ሥር እንደምታደርገው። «ማድፈጥም» አይሆንም፤ ያደፈጠ ሰው ይጠብቃል እንጂ አይሄድም። እኔ «ማድባት» እላለሁ፤ ድመት ወደ እርግብ ስትጠጋ የምታደርገው ማለት ነው። ድመቷ ግን ከአሥር እርምጃ ርቀት ነው ማድባት የምትጀምረው፤ ከሌላ ሰፈር እየተሳበች አትመጣም። የእህቴ ልጅ ወታደሮቹን ከካርታው ዳር ጀምሮ ነበር በሆዳቸው የሚያስኬዳቸው።

መሳብ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የመታየትን ዕድል ይቀንሳል። ይህ እውነት ነው፣ ስለ ዓይን ብዙ ማለትም ይቻል ነበር። የግድግዳ ሰዓት ላይ ሰዓት ቆጣሪው ዘንግ ሲሄድ ማንም አያየውም፤ የዓይናችን ዳርቻ ቅርጽ አይለይም፣ ውልብ ያለ ነገር ግን ቶሎ ይይዛል። ጌሙ ግን ዓይን የለውም፤ ቁጥር እንጂ። እንደሚመስለኝ ከተመልካቹ እስከ ወታደሩ መስመር ይዘረጋል፣ ግንብ ቆረጠው ወይ ይላል፣ ቁጥቋጦውን፣ አቋቋሙን፣ ፍጥነቱን፣ ርቀቱን ይመዝናል፣ ከዚያ ዕጣ ያወጣል። ቆይቶ ደግሞ ያወጣል፤ ወታደሩ እይታ ውስጥ እስካለ ድረስ እየደጋገመ።

ሰፈር ውስጥ ዱቤ ያለበትን ሰው አስቡ። በሱቁ ደጃፍ ማለፍ አለበት። ባለሱቁ ስኳር እየመዘነ ነው፤ ግን አልፎ አልፎ ቀና ይላል። ባለዕዳው ቢሮጥ ሩጫው ራሱ ዓይን ይስባል፤ ግን ቶሎ ያልፋል። በግድግዳው ተለጥፎ ኮቴውን እያጠፋ ቢያልፍ ባለሱቁ ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው ነገር ትንሽ ነው። ችግሩ ሰውዬው ስኳሩ ተመዝኖ፣ ሂሳብ ተከፍሎ፣ ሌላ ደንበኛ ገብቶም ገና ደጃፉ ላይ መሆኑ ነው።

ይህን በሂሳብ ያሰፈረው በርናርድ ኩፕማን ነው፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ሊቅ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጠላትን ሰርጓጅ መርከቦች ከአውሮፕላን ላይ ለመፈለግ የሂሳብ ሰዎችን ሲሰበስብ አንዱ እሱ ነበር፤ ሥራው በ1946 ተጠቃሎ ተጻፈ። መነሻው ቀላል ነው፦ ፍለጋ የጨረፍታዎች ተከታታይ ነው። እያንዳንዷ ጨረፍታ ትንሽ የማየት ዕድል ይዛ ትመጣለች። ከሁሉም ለማምለጥ ከመጀመሪያዋም፣ ከሁለተኛዋም፣ ከሦስተኛዋም ማምለጥ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያለመታየት ዕድሎች ይባዛሉ። ከአንድ ያነሰ ቁጥር በራሱ በተባዛ ቁጥር ደግሞ ይከሳል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንደሚቆረስ ድፎ ዳቦ።

እስቲ እናስላው። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት እንጂ ከጌሙ ሆድ የወጡ አይደሉም። መሻገር ያለበት ገላጣ መንገድ 60 ሜትር ይሁን። ሯጩ በሰከንድ 4 ሜትር ይሄዳል፣ በእያንዳንዷ ሰከንድ የመታየት ዕድሉ 10 በመቶ ነው። በ15 ሰከንድ ይሻገራል። 0.9ን 15 ጊዜ በራሱ አባዙት፤ 0.21 ገደማ ይመጣል፤ ማለትም የመታየት ዕድሉ 79 በመቶ ነው። አሁን አስሳቡት። በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የመታየት ዕድሉም ግማሽ በመቶ ብቻ፤ ከሯጩ 20 እጥፍ ያነሰ። ግን መንገዱ 300 ሰከንድ ፈጀበት። ውጤቱ 78 በመቶ። አምስት ደቂቃ አስፋልት ልሶ፣ ጉልበቱና ክርኑ ተልጦ፣ ያተረፈው አንድ በመቶ ነው። ዝም ብሎ የሚራመደው (በሰከንድ 1.5 ሜትር፣ 3 በመቶ) 70 ላይ ቆሞ ከሁለቱም ይሻላል።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ በስልኩ ካልኩሌተር ሁለት ጊዜ ደገመው። ያው መጣለት።

እዚህ ጋ ግን ባልደረቦቼ ጠረጴዛ ይመታሉ፤ እውነትም አላቸው። ስሌቱ ጨረፍታዎቹ አንዱ ከሌላው ነፃ ናቸው ብሎ ይነሳል። በዳይስ ይሠራል፤ በሰው ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ሣሩ የጋረደብኝ ወታደር በሚቀጥለው ሰከንድም እዚያው ሣር ውስጥ ነው፤ አሁን ካላየሁት ቀጥሎም ላላየው እችላለሁ። በተቃራኒው አንዴ የተጠራጠረ ዘበኛ ዓይኑን ከዚያ ቦታ አይነቅልም። ጨረፍታዎቹ እንዲህ ሲተሳሰሩ ለተሳቢው የሚያዳላበትም የሚከፋበትም ጊዜ አለ። «ነፃነት» የሚለው ቃል ራሱ ተማሪዎቼን ሲያሳስት ኖሯል፤ ነፃ የሆነው ሰውዬው ሳይሆን ዕጣው ነው። መታየት ማለት መመታት አይደለም የሚል ሌላ ተቃውሞም አለ፤ ተኝቶ የተገኘ ወታደር ቆሞ ከተገኘው ያነሰ ኢላማ ነው። ልክ። የሣሩ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ተሳቢው ጥሩ ሣር ካገኘና ዕድሉ ወደ 0.1 በመቶ ከወረደ በ300 ሰከንድ ውስጥ የመታየት ዕድሉ 26 በመቶ ብቻ ይሆናል። ቪዲዮው ላይ የሚሳቡት ግን በሣር ሳይሆን በባዶ አደባባይ ነው።

የኩፕማን ሁለተኛ ነገር ይበልጥ ይገርመኛል። ከአውሮፕላን ላይ በባሕር የሚሄድ መርከብ ጥሎት የሚያልፈውን የውኃ ዱካ ለሚፈልግ ሰው፣ በአንዲት ጨረፍታ የማየት ዕድል ርቀቱ ሲያድግ በኩቡ ይቀንሳል ይላል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ይህ ለጥ ላለ ባሕርና ለሩቅ ርቀት የተሠራ ነው፤ ለአጥርና ለጓሮ ሲውል ብዙ ይጣመማል፣ እንደ ሕግ አትያዙት። ለጨዋታ ያህል ግን ሯጩን ከተመልካቹ እጥፍ አርቁት፤ 10 በመቶው 1.25 ይሆናል፣ በ15 ሰከንድ ሩጫውም የመታየት ዕድሉ 17 በመቶ። እዚያ ማዶ የሮጠው፣ እዚህ ቅርብ ከተሳበው በብዙ ይሻላል። ባለዕዳው ከኮቴው ይልቅ መንገዱን ቢቀይር፣ በጓሮ በኩል ቢዞር ይሻለው ነበር ማለት ነው።

ጌሙ የሚተርከው ጦርነት ራሱ ይህን ያሳያል። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1944 የእንግሊዝ ፓራሹተኞች ከአርነም ከተማ ድልድይ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ወረዱ፤ ሦስት ሻለቆችም በሦስት መንገድ ወደ ከተማዋ ተንቀሳቀሱ። ሁለቱን ጀርመኖች ገቷቸው። ደቡባዊውን፣ በወንዙ ዳር የሚሄደውን መንገድ የያዘው የሌተና ኮሎኔል ጆን ፍሮስት 2ኛ ሻለቃ ግን ማምሻውን ሁለት ሰዓት ገደማ የድልድዩ ሰሜናዊ ጫፍ ደረሰ። ተኩስ አልጠፋም፤ በመንገዳቸው ላይ የነበረ የባቡር ድልድይም ሊይዙት ሲሉ ፊታቸው ላይ ፈነዳ። ያም ሆኖ የደረሱት ጥበቃ በሳሳበት መንገድ በመሄዳቸው ነው። እንደ ቪዲዮው በደረት ቢሳቡ ኖሮ፣ በደቂቃ 12 ሜትር ብንሰጣቸው እንኳ፣ 10 ኪሎ ሜትሩ ወደ 14 ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር። ድልድዩ ዛሬ በፍሮስት ስም ይጠራል።

ስለ ተመልካቹ ብዛት አንድ ነገር ልጨምር። በ2000 የወጣው «ኮምባት ሚሽን» የተባለው ጌም አንድ ወታደር ያየውን ሁሉም ወዲያው እንዲያየው ያደርግ ነበር፤ አንዱ ባለሱቅ ሲያይ ሰፈሩ በሙሉ እንደሚያውቅ ያህል። በ2007 በወጣው ተከታዩ ተለወጠ፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ብቻ ያያል፣ ወሬው ለሌላው እስኪደርስም ጊዜ ይወስዳል። ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል የሚሉት ብዙውን ጊዜ የሚያማርሩት እንዲህ ያለውን የጋራ ዓይን ይመስለኛል።

የእህቴ ልጅ በነጋታው ተመልሶ መጣ። ቡድኑን በጓሮዎቹ በኩል በእርምጃ አዙሮ፣ መትረየሱ ካለበት ቤት ጎን አድርሶ፣ የመጨረሻዋን 6 ሜትር ብቻ አስሳባቸው። 30 ሰከንድ፣ 14 በመቶ፤ ራሱ ነው ያሰላው፣ እኔም 14 ነው ብዬ አጸደቅሁለት። ሦስተኛው ወታደር አጥሩን ሲያልፍ መትረየሱ ዞረ። ሁለቱ ወደቁ፣ የቀሩት ደንግጠው መሬት ላይ ተለጠፉ። ልጁ እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ ዞሮ አየኝ።

«ጋሼ፣ 14 አላሉኝም ነበር?»

«ብያለሁ» አልኩት። «ዜሮ አላልኩም።»

ቡና እስኪፈላ ድረስ እንደገና ጀመረው።