እበት ላይ የሚበቅለው ሳረንስት

ክረምት ሲገባ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ፀሐይ የማያገኛቸው ግድግዳዎችና የቦይ ጠርዞች አረንጓዴ ሳረንስት ያወጣሉ። አብዛኞቻችን ሳረንስትን የምናውቀው እንዲህ ነው። እውነተኛ ሥር የለውም፣ አያብብም፤ ዱቄት የሚያህለውን ስፖሩን ለነፋስ ሰጥቶ ይራባል። ስፕላክናሴ የተባለው ቤተሰብ ግን ሌላ መንገድ ይዟል። ወደ 70 ከሚጠጉት ዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ ስፖራቸውን የሚያጓጉዝላቸው ዝንብ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ስፕላክነም አምፑላሴም ነው። በሰሜን አውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ረግረጎች፣ ሣር በል እንስሳት በጣሉት እበት ላይ ይበቅላል። ዘመዱ ቴትራፕሎዶን የሥጋ በል እንስሳት ኩስና አሮጌ አጥንት ይመርጣል።

ቀረብ ብሎ ላየው የአምፑላሴም አሠራር ያስደንቃል። ከለምለሙ ቅጠል መካከል ቀጭን ቀይ ዘንግ ይወጣል። ዘንጉ ጫፉ ላይ ያብጥና ወይን ጠጅ መልክ ያለው ጠርሙስ ይመስላል፤ ከእብጠቱ በላይ ስፖር የያዘች ትንሽ ከረጢት ትቀመጣለች። እብጠቱ የሚበሰብስ ነገር የሚመስል ጠረን ያወጣል። ከረጢቷ ስትደርቅ ትኮማተራለች፤ ያን ጊዜ መካከሏ ያለው ምሰሶ የተጣበቀውን የስፖር ክምር ወደ ላይ ይገፋዋል። በቀለሙና በጠረኑ ተስባ የመጣች ዝንብ የምትበላው አታገኝም፤ እግሯና ገላዋ ግን ስፖር ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ የምታርፈው ትኩስ እበት ላይ ነው፤ ስፖሩም የሚፈልገው እሱኑ ነው። በነፋስ ቢበተን ኖሮ በሰፊው ረግረግ ውስጥ አንዲት እበት የማግኘት ዕድሉ እጅግ ጠባብ በሆነ ነበር። እበቱ በጥቂት ዓመታት ፈርሶ ስለሚያልቅ ደግሞ ሳረንስቱ ሁልጊዜ ሌላ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ተመራማሪው ፖል ማሪኖ በካናዳዋ አልበርታ የመረመረው እነዚህን ሳረንስቶች ነበር፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ዳሰሳ የዝንቡንና የጠረኑን ጉዳይ በሰፊው አቅርቦታል።

ስለዚህ ይህ ተክል የሚኖረው ሦስት ነገሮች ሲገጥሙለት ነው፤ ውሃ ያልተለየው መሬት፣ የሚግጥ እንስሳ፣ ሳይነሳ የሚቆይ እበት። በብሪታንያ ቆላማ ስፍራዎች ረግረጉ ሲደርቅ ሳረንስቱም ተመናምኗል።

በእኛ ደጋ ሦስተኛው ነገር፣ ሳይነሳ የሚቆይ እበት፣ ብርቅ ነው። እበት ገና እርጥብ ሳለ ተለቅሞ ይጠፈጠፋል፤ ደርቆ ኩበት ሆኖ ከምጣድ ሥር ይነዳል፤ ቤትም ይለቀለቅበታል። ማገዶ ላጣ ቤት ይህ ግድ ነው፤ ማንም አይወቀስበትም። እበት መሬት ላይ ውሎ የሚያድረው ከመንደር በራቀው ብርዳማ ረግረግ ነው፤ ከፍታው 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ ባለበት በባሌው የሳኔቲ አምባ፣ ወይም በመንዝ ጓሳ። እንዲህ ያለ ሳረንስት በአገራችን ካለ መፈለግ ያለበት እዚያ ነው።

ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተሠራው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ታላቅ ሥራ ነው። የያዘው ግን ፈርኖችን፣ የጽድ ወገኖችንና አበባ አብቃዮችን ነው፤ ሳረንስት አልገባበትም። ለእኔ ቀጣዩ የቤት ሥራ ሳረንስትን መመዝገብ ነው፤ ረግረጎቻችን ተጠንፍፈው ሳያልቁም ቢጀመር መልካም ነው። ወደ ባሌ ወይም ወደ ጓሳ የምትወጡ አንባብያን፣ አሮጌ እበት ላይ ቀጭን ቀይ ዘንግ ያወጣ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ አትንቀሉት። ፎቶ አንሱት፤ ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን ጻፉ፤ ከዚያም አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም አሳዩ።