የትንሽ ከተማ መናፈሻ እንዴት ይታቀዳል?

በአገራችን መናፈሻ የሌለው ትንሽ ከተማ ብዙ ነው፤ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ የሌለው ግን የለም ማለት ይቻላል። ታቦት የሚያድርበት ጥምቀተ ባሕር፣ ደመራ የሚደመርበት ወይም ዒድ የሚሰገድበት ሜዳ፣ በገበያ ቀን ነጋዴ የሚሞላው በሌላው ቀን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት መስክ አይጠፋም። ከዋናው መንገድ ዳር ደግሞ አንድ ትልቅ ዋርካ ወይም ሾላ ይኖራል። ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ያስታርቁበታል፣ ሊስትሮዎች ይሠሩበታል፣ መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ ጓዙን አስቀምጦ ያርፍበታል። የከተማው የመናፈሻ ዕቅድ መነሻ እነዚህ ቦታዎች መሆን አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ዕቅዱ የሚነሣው ትልቅ ከተማ ውስጥ ከታየ ፏፏቴና ከሚያምር በር ነው። ቦታውም ማንም ካልፈለገው የከተማው ጠርዝ ይመረጣል፤ ይታጠራል፣ ይመረቃል፣ ከዚያ ሰው አይሄድበትም።

ሕጉ ለዚህ ጉዳይ ባዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ሲዘጋጅ ከሕዝብ ጋር ምክክር እንዲደረግ ያዛል። የፕላን ባለሙያዎች የሚመሩበት ድልድልም የታወቀ ነው፦ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ። ድልድሉ መልካም ነው። ሆኖም ስፋትን እንጂ ርቀትን አይነግረንም። ቤት የማይሠራበትን ገደል፣ የወንዝ ዳርና ተራራ አረንጓዴ ቀብቶ 30 በመቶውን መሙላት ይቻላል፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ግን ተራራው ላይ ወጥተው አይናፈሱም። ስለዚህ አንድ ነዋሪ የከተማውን ፕላን ባየ ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው «ከእኔ ቤት እስከዚህ ቦታ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» ቢሆን ጥሩ ነው። ሕፃን ያዘለች እናት ከ10 ደቂቃ በላይ የምትሄድበት መናፈሻ በሳምንት አንድ ቀን የሚታይ እንጂ የዕለት ተዕለት ማረፊያ አይሆንም።

ሌላው አደጋ ቦታው በካርታ ላይ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ መቅረቱ ነው። ወሰኑ ካልተተከለ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ስም የራሱ ፋይልና ካርታ ካልወጣለት፣ ክፍት ቦታ ዛሬ የአሸዋና የጠጠር ማራገፊያ፣ ነገ የሸራ ሱቅ፣ ከነገ ወዲያ ለሊዝ የሚወጣ ቦታ ይሆናል። ችግኝ ከመትከል በፊት የወሰን ድንጋይ መትከል ይቀድማል።

ትንሽ ከተማ አንድ ትልቅ መናፈሻ ከሚኖረው ብዙ ትንንሽ ቦታዎች ቢኖሩት ይሻለዋል። ለዚህ ከኮንሶ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ መልክዐ ምድር በእርከኖቹ ይታወቃል፤ በድንጋይ ግንብ የተከበቡት መንደሮቹ ግን «ሞራ» በሚባሉ አደባባዮቻቸውም ሊጠኑ ይገባል። አንድ መንደር በርከት ያሉ ሞራዎች አሉት። ክርክር ይሰማባቸዋል፣ በዓል ይከበርባቸዋል፣ ጨዋታ ይደራባቸዋል፤ በአንዳንዶቹ ላይ የሣር ክዳን ያለው ትልቅ የጋራ ቤት ተሠርቶ ወጣት ወንዶች ያድሩበታል፣ መንደሩንም ይጠብቁበታል። የትውልድ ሽግግርን የሚያመለክቱ ግንዶችም ይተከሉባቸዋል። የሚሠራበትና የሚጠብቀው ሰው ስላለው ቦታው ባለቤት አልባ አይሆንም። በሐዋሳም የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት የጉዱማሌ ሜዳ፣ ሕዝብ አስቀድሞ የከበረ ትርጉም የሰጠው ቦታ ለከተማ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ያሳያል። እንዲህ ያለውን ሜዳ በአበባ መደብና በኮንክሪት መከፋፈል በዓሉን ማፈናቀል ነው። ሰፊ ሆኖ መቅረቱ ራሱ ንድፍ ነው፤ ዛፉም መቀመጫውም ዳር ዳሩን ይሁን።

ቦታው ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። አንድ ሰው ደብተር ይዞ በቦታው ይዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተማሪው በየት በኩል ያቋርጣል? ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው የት ይወድቃል? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማን ይመጣል፣ ማንስ ይሄዳል? ከመሸ በኋላ የሚጨልመውና ሴቶች የሚሸሹት ጥግ የቱ ነው? በነሐሴ ውኃ የሚተኛውስ? ይህ በገበያ ቀንም በሌላ ቀንም፣ በክረምትም በበጋም ሊደገም ይገባል። ሰው ረግጦ ያወጣው አቋራጭ መንገድ ከሁሉ የበለጠ መረጃ ነው። ንድፍ አውጪው አቋራጩን ትቶ በቀጥታ ማዕዘን የሚሄድ የእግረኛ መንገድ ቢያነጥፍ ሰው አበባውን ረግጦ በድሮው ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ የተረገጠውን መንገድ ማንጠፍ ብልህነት ነው።

ቀጥሎ መጠየቅ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ከተማ ይሰናከላል። የምክክር ስብሰባ በሥራ ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ከተጠራ የሚመጣው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ጉሊት ላይ የተቀመጠችው ሴት ሽንኩርቷን ጥላ አትመጣም። የባጃጅ ሾፌሩ ተራውን አይለቅም። ልጆችማ አይጠሩም። ስለዚህ ጠያቂው ወደ እነርሱ ይሂድ፦ እሑድ ወደ እድር ስብሰባ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ቅዳሜ ወደ ገበያ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ። «መናፈሻ ቢሠራ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ «ዛሬ የት ታርፋላችሁ? ለምን እዚያ?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያስገኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ በቴሌቪዥን የታየውን ያስቆጥራል። ሁለተኛው ኑሮን ያናግራል።

ሴት ልጆች ለብቻቸው መጠየቅ አለባቸው። የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባካሄደችው ጥናት ሴት ልጆች ከ9 ዓመት ገደማ በኋላ ከመናፈሻዎች እየጠፉ እንደሚሄዱ፣ ወንዶቹ ግን እንደሚቀሩ ታየ። ምክንያቱ ሴቶቹ ጨዋታ ስለማይወዱ አልነበረም። ቦታው አንድ ትልቅ ሜዳ በመሆኑ ጉልበት ያለው ይይዘዋል፤ ሴቶቹ ደግሞ ታግለው ከሚያስለቅቁ ትተው ቢሄዱ ይመርጣሉ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ ክፍለ ከተማዋ ሁለት መናፈሻዎችን እንደገና አሠራች። ሜዳውን ከፋፈለች፣ የእግር መንገድ ጨመረች፣ የመረብ ኳስ የመሳሰሉ ሌሎች ጨዋታዎችን አስገባች። ሴቶቹም ተመለሱ። በእኛ ትንንሽ ከተሞች ክፍት ቦታ ሲባል የወንዶች ኳስ ሜዳ ብቻ የሆነበት ብዙ ነው፤ አንዱን ጥግ ለገመድ ዝላይ፣ ለመረብ ኳስ፣ ተከብቦ ለመጫወት ማዋል የሚጠይቀው ሐሳብ እንጂ ብዙ ብር አይደለም።

መቀመጫ ቀላል ነገር ይመስላል፤ መናፈሻን የሚያኖረውም የሚገድለውም ግን እርሱ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ዋይት የኒው ዮርክን ትንንሽ አደባባዮች በካሜራ ሲከታተል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት ያገኘው ነገር እጅግ ግልጽ ነበር፦ ሰው የሚበዛው መቀመጫ ባለበት ነው። ከ30 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ማንኛውም ጠርዝ ሰው ይቀመጥበታል። ይህ ለእኛ መልካም ዜና ነው፤ አግዳሚ ወንበር ከሩቅ ከተማ አስጭኖ ከማምጣት የአካባቢው ግንበኛ የአፈር መከላከያውን ግንብ በጉልበት ልክ ከፍ አድርጎ አናቱን ሰፋ ቢያደርገው ይበቃል። ዋይት ካደነቃቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ፔሊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው በ390 ካሬ ሜትር ገደማ ቦታ ላይ ነው፤ ሁለት የመኖሪያ ቤት ቦታ ቢያክል ነው። ጥላ፣ የውኃ ድምፅና ሰው እንደፈለገ የሚያዞራቸው ወንበሮች አሉት። በዚያው ከተማ ያለው ሰፊው ብራያንት ፓርክ ግን ከመንገዱ ከፍ ብሎ በአጥርና በቁጥቋጦ ተሸፍኖ ስለነበር የአደንዛዥ ዕፅ መሸጫ ሆኖ ኖረ፤ ቁጥቋጦው ተነሥቶ፣ መግቢያዎቹ ሰፍተውና ወንበር ገብቶለት እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈት ሰው ተመለሰለት። የእኛም መናፈሻዎች በረጅም ግንብ ወይም በቆርቆሮ መታጠራቸው ያሳስበኛል። ከብት ለመከልከል ዝቅ ያለ አጥር ይበቃል፤ ውስጡ ከመንገድ ሲታይ ነው ሴትም ልጅም በልበ ሙሉነት የሚገቡበት።

ወደ ዛፉ ስንመጣ መጀመሪያ ያለውን አለመቁረጥ ነው። ስልሳ ዓመት የቆመ ዋርካ የሚሰጠውን ጥላ በምንም ገንዘብ በአንድ ዓመት መግዛት አይቻልም። አዲስ የሚተከለውን ለመምረጥ ደግሞ በአቅራቢያው ወዳለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ ማየት ነው። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር አገር በቀል ደን በአብዛኛው የተረፈው እዚያ ነው፤ በዚያ አፈርና አየር ምን እንደሚበቅል ቅጥሩ ይመሰክራል። ዋንዛ ቶሎ ያድጋል፣ ጥላው ሰፊ ነው፣ ነጭ አበባው ለንብ ይሆናል። ወይራ፣ ጥድና ዝግባ ይዘገያሉ፤ ግን የልጅ ልጅ ያያቸዋል። ብርብራና ብሳናም አሉ። በቆላ ግራር አለ፤ የድሬዳዋ ዛፍም ጥላውን ከቀይ አበባው ጋር ይሰጣል። ዋርካና ሾላ ሥሮቻቸው ኃይለኛ ስለሆኑ ከውኃ ቧንቧና ከግንብ ይራቁ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ በማገዶና በማገር አገር ጠቅሟል፤ ለመናፈሻ ግን አይመከርም። ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ጥላውም ስስ ነው። ዘንባባ ለመንገድ ግርማ ይሰጣል፤ በሚያዝያ ፀሐይ ከሥሩ ለመቀመጥ ግን አይሆንም።

የዛፉ አቅጣጫም ልብ ይባል። የሚያቃጥለው ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ የሚመጣው ፀሐይ ነው። ዛፉ ከመቀመጫው በስተምዕራብ ከተተከለ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ጥላው መቀመጫው ላይ ይወድቃል። ይህን ያልጠበቀ ስንት አግዳሚ ወንበር በየከተማው ባዶውን ፀሐይ ይሞቃል።

ችግኝ የሚሞተው በተከላ ቀን አይደለም። በሐምሌ የተተከለው መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይለየዋል፤ ከዚያ እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ የሚያልፈው ውኃ የሚያጠጣው፣ ከሥሩ ሣርና ገለባ የሚያለብሰው፣ ከፍየል የሚከልለው ሰው ካለ ነው። ይህ ሁለትና ሦስት በጋ መደገም አለበት። አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መትከል የሁሉ ባህል እየሆነ መምጣቱ ደስ ያሰኛል፤ ለከተማ መናፈሻ ግን መቆጠር ያለበት በግንቦት በሕይወት የተገኘው ነው።

ሣርም ሂሳብ አለው። በወይና ደጋ በበጋ አንድ ካሬ ሜትር የመናፈሻ ሣር በቀን 4 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል ብለን እናስላ። 1,000 ካሬ ሜትር ሣር በቀን 4,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 200 ጀሪካን ይጠጣል። እናቶች ለአንድ ጀሪካን በሚሰለፉበት ከተማ ይህን ማድረግ አግባብ አይመስለኝም። ሣሩ ትንሽ ይሁን፣ በጥላ ሥር ይሁን፤ የቀረው በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን ቢሆን ዝናቡን በየመገጣጠሚያው ወደ አፈር ያሰርጋል። ድንጋዩን የሚጠርቡና የሚያነጥፉ ወጣቶችም በየከተማው አሉ። የክረምቱን ጎርፍ ደግሞ በፍጥነት ከማባረር ወደተተከለ ዝቅተኛ ቦታ መርቶ ማስረግ ይቻላል። ብዙ ከተማን እየበላ ያለው ቦረቦር የሚጀምረው ከመንገድና ከጣሪያ ያለ መላ ከሚለቀቀው ጎርፍ ነው፤ በድንጋይ ክትርና በተክል የዳነ ቦረቦር ዳር ራሱ መናፈሻ ሊሆን ይችላል።

መጸዳጃ ቤት ይኑር። የሌለበት መናፈሻ ሽማግሌውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ልጅ ያላትን ያባርራል።

የመጨረሻው ጉዳይ የጥገና ገንዘብ ነው። ለግንባታ የሚመደብ በጀት ይገኛል፤ ለአትክልተኛ ደመወዝ፣ ለውኃ ክፍያ፣ ለዘበኛና ለተሰበረ መቀመጫ የሚሆነው ግን በዓመቱ ይጠፋል። በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ኪቤራ በተባለው ሠፈር፣ የወንዝ ዳር ቆሻሻ መጣያ የነበሩ ቦታዎችን ነዋሪዎች ከንድፍ ባለሙያዎች ጋር ሆነው የሕዝብ ቦታ ሲያደርጓቸው፣ መጸዳጃ ቤት፣ የውኃ መሸጫና አነስተኛ የገቢ ሥራዎችን አብረው አስገቡ፤ የሚያስተዳድሩትም የነዋሪ ማኅበራት ናቸው። በእኛ ከተማ ለዚህ የሚሆን ልምድ ሞልቷል። እድር መዋጮ መሰብሰብ፣ መዝገብ መያዝና ሒሳብ ማስመርመር ያውቃል። መናፈሻው ውስጥ ለጀበና ቡናና ለሻይ፣ ለጭማቂ፣ ለፎቶ አንሺ ጥቂት ቦታ ቢከራይ፣ ቅድሚያውም ድሮ እዚያው ጥላ ሥር ይሠሩ ለነበሩት ቢሰጥ፣ ኪራዩ የአትክልተኛውን ደመወዝ ሊሸፍን ይችላል። የመግቢያ ክፍያ ግን አይኑር፤ አሥር ብርም ቢሆን በጣም የሚያስፈልገውን ሰው በር ላይ ያስቀረዋል። ማዘጋጃ ቤቱ፣ እድሮቹና ነጋዴዎቹ የሚፈርሙት ውል ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ፤ ማን ውኃ ያጠጣል፣ ማን ይከፍላል፣ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በየትኛው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል የሚለው ሁሉ በዚያ ውስጥ ይቀመጥ።