«ሲስተር» የሚለው ቃል በአማርኛ ስላገኘው ትርጉምና አገባብ

ዊንጌት የጉለሌ ሰፈር ነው፤ ስሙ ግን የእንግሊዛዊ የጦር መኮንን ስም ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. በጄኔራል ኦርድ ዊንጌት ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ስሙ ከሰው ወደ ትምህርት ቤት፥ ከትምህርት ቤትም ወደ ሰፈር ተላለፈ። ዛሬ «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳት ስለ ጄኔራሉ አያስብም። የውጭ ቃል አገር ሲለምድ እንዲህ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረውም ከዚያው ሰፈር ብዙ ሳይርቅ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፥ እንዲሁም በሌሎች የጤና ተቋሞች ዘወትር የሚሰማውን «ሲስተር» የተባለውን የእንግሊዝኛ ስም ነው።

በእንግሊዝኛ ይህ ቃል ሦስት ዋና ዋና ትርጉሞች አሉት። 1ኛ፥ የሥጋ እኅት፤ 2ኛ፥ መነኩሲት፤ 3ኛ፥ በሆስፒታል የአንድ ክፍል ነርሶች አለቃ። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር የተያያዘ ነው፤ ይኸውም በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ ሕሙማንን ከሚያስታምሙት ብዙዎቹ መነኮሳት ስለ ነበሩ ነው። ጀርመኖችና ስዊድኖችም ነርስን በየቋንቋቸው «እኅት» ብለው መጥራት የቆየ ልማዳቸው ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር «ሲስተር» የምንላቸው መነኮሳቱን ነበር። የኦርቶዶክስ መነኩሲት ግን «እማሆይ» ስለምትባል፥ ይህ ትርጉም ከካቶሊክ ገዳማውያት ብዙ አልወጣም። በሕዝቡ ዘንድ የገነነው የነርሷ ነው።

ቃሉ ወደ አማርኛ ሲገባ ሁለት ነገር ጣለ። መጀመሪያ የአለቅነቱን ትርጉም ጣለ። በእንግሊዝ አገር አንዲት ነርስ በዚህ ስም የምትጠራው ሠርታ ልምድ አግኝታ ክፍል ስትረከብ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ነጭ ልብስ ከለበሰችበት ቀን ጀምሮ ነው። ሁለተኛ የዝምድናውን ትርጉም ጣለ። «እኅቴ» የሚለው የራሳችን ቃል የሚያቀርብ ነው፤ የማናውቃትን ሴት በመንገድ ላይ እንጠራበታለን፤ ብዙውን ጊዜም ከ«አንቺ» ጋር ይሄዳል። «ሲስተር» ግን ማዕረግ ነው፤ እንደ «ወይዘሮ» ከስም በፊት ይቀመጣል፥ «እርስዎ» ማለትንም ያስከትላል። የሜሪ ጆይ መሥራች ሲስተር ዘቢደር ዘውዴ ከሆስፒታል ውጭ በበጎ አድራጎት ሥራ ቢታወቁም ማዕረጉ ከስማቸው አልተለየም። እንግዲህ የእንግሊዝኛዋ እኅት በአማርኛ አንቱ ተባለች ማለት ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የዝምድናው ትርጉም በአራዳ ቋንቋ ተመልሶ መጥቷል። «ሲስተሬ» ያለ ወጣት ስለ እናቱ ልጅ ይናገራል፤ «ሲስተር!» ብሎ የተጣራ ግን ነርስ ይፈልጋል። ልዩነቱን የያዘችው አንዲት ምዕላድ ናት። «ሲስተሯ መጣች» ሲባል ግን የታወቀችው ነርስ ወይም የእርሷ እኅት ማለት ሊሆን ስለሚችል፥ የሚለየው ከንግግሩ አካባቢ ብቻ ነው።

ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ ባበቃን ነበር። በአንድ የጤና ተቋም ተራ ስንጠብቅ አንድ አዛውንት ከምርመራ ክፍል ወጥተው ከጎናችን ተቀመጡ። ወጣቷ ሐኪም መርምራ የድሮውን መድኃኒት አቁመው አዲሱን እንዲወስዱ ነግራቸዋለች። እርሳቸው ግን «ሲስተሯስ አየችኝ፤ ዶክተሩ መቼ ይመጣል?» አሉን። ወዲያው አንድ ወንድ ነርስ ሲያልፍ «ዶክተር!» ብለው ተነሡ። ነርሱ «አባባ፥ ያየችዎት እኮ ዶክተሯ ናት» ብሎ ባያስረዳቸው ኖሮ የተከለከሉትን መድኃኒት መዋጥ ይቀጥሉ ነበር።

እንዲህ ያለው ስሕተት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። «ሲስተር» የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ በሆስፒታል ያለች ሴት ሁሉ መጠሪያ፥ «ዶክተር» ደግሞ የወንድ ሁሉ መጠሪያ ወደ መሆን ያዘነብላል። በዚህም ሴቷ ሐኪም ቃሏ ይቀልባታል፤ ወንዱ ነርስ በሰው ማዕረግ ይጠራል፤ ሁለቱም ሙያቸው ይሰወራል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን የማንን ትእዛዝ እንደሚፈጽም የማያውቀው በሽተኛ ነው።

ቃሉን ከአፋችን ማውጣት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ነርሶቻችን በድካማቸው ያስከበሩት ማዕረግ ነውና። የሚያስፈልገው ባለሙያው ገና ሲገባ ስሙንና ሙያውን መናገሩ ነው። ዝም ካለም አማርኛ ለዚህ የሚሆን ጥያቄ አላጣም፤ ከመጥራታችን በፊት «ማን ልበል?» ብንል ይበቃል።